የአማቹ ሰሌን

«ቤቱ የኔ ነው ጌታዬ፤ ምን ጥያቄ አለው? መሬቱም የኔ ነው» ሲል ሰማችው። አሲያቱ ከቤቱ ጀርባ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ነበር። በዚያ ቤት ስልክ መስመር የሚይዘው አልጋ ላይ ሲቆም ብቻ ስለሆነ፣ ባሏ ሬክሰን ሉሃንጋ ቅዳሜ ጠዋት በቁምጣ አልጋው ላይ ቆሞ፣ ራሱን ወደ ቆርቆሮው አስጠግቶ፣ ራእይ እንደመጣለት ነቢይ ይጮሃል። «የሚስቴ ዘመዶች? እነሱ የዋሆች ናቸው። አራት ላም ከፍያለሁ እኮ! ባለቤቴማ ያልኳትን ትሰማለች። አሥር ዓመት ካሉ አሥር፣ ሃያ ካሉ ሃያ። ዛሬ ይዩትና ከወደዱት እዚሁ ሀይቁ ዳር እንፈራረማለን።» ከዚያ ሳቀ። አሲያቱ ይህን ሳቅ ታውቀዋለች። ቀልድ ሰምቶ የሚስቀው አይደለም፤ አለቃው ቀልድ ሊናገር ነው ብሎ ሲጠረጥር አስቀድሞ የሚስቀው ነው።

«ጌታዬ» የሚባለው ሚስተር ካፓላሙላ ነው፤ ብላንታየር ውስጥ ሬክሰን የሚሠራበት የኢንሹራንስ ቢሮ ኃላፊ። ሬክሰን በዚያ ሕንፃ ምድር ቤት ተቀጥሮ እስከ ዛሬ ምድር ቤት ነው፤ ሊፍት ውስጥ የሚገባው የአለቃውን ቦርሳ ሲይዝ ብቻ ነው። በቅርቡ ግን ፎቅ ላይ አንድ ወንበር ተለቋል፤ የቆዳ ወንበር፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው። ሚስተር ካፓላሙላ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ቅዳሜና እሑዱን የሚያሳልፍበት የሀይቅ ዳር ቤት ካማረው ቆይቷል። አሲያቱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ካየች የት ላይ እንደሚጋጠሙ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ቤቷ በአንድ ወንበር ሊለወጥ ነው። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ ከዚያ አንስታ መፋቋን ቀጠለች፤ ምክንያቱም ዓሣው ቻምቦ ነው፤ ትልቁ መረብ በተከለከለበት ወር የተገዛ፣ አንዱ ስምንት ሺህ ክዋቻ። ዓሣ አጥማጁ ዋጋውን የነገራት ዓሣውን አይቶ ሳይሆን ቤቱ ደጃፍ የቆመውን የብላንታየር መኪና አይቶ ነው።

ቤቱ ከማንጎቺ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ውሃው ከአሸዋው በሚጀምርበት፣ ከእናቷ ጎጆ ጎን የቆመ ነው። የማን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ግድግዳውን ቢጠይቅ ይነግረው ነበር። መሠረቱ የአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አረንጓዴ ቀሚሶች ነው። ግድግዳው ግራጫ ቁምጣዎች ነው፤ ብላንታየር፣ ሊምቤ ገበያ ውስጥ ባለችው ሱቋ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወላጅ በር ላይ እየተጋፋ፣ መብራት ሲጠፋ በእግር በሚዘወረው መኪና የሰፋቻቸው። ቆርቆሮው የሀብታም ልጆች ሹራብና ከረባት ነው። ሬክሰን ያዋጣው የሳሎኑን በር ቀለምና አስተያየት ነው። ትናንት ማታ ከመኪናው ኋላ ያወረደው አዲስ ሰሌዳም አለ፤ በቀይ ቀለም «የሉሃንጋ ዳርቻ — የግል ይዞታ» ይላል። የቤቱ ቁልፍ በቀበቶው ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ብላንታየርም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ሲራመድ ይንሿሿል።

መሬቱ ግን የእናቷ ነው፤ የእናቷም የእናቷ ነበር። በዚህ ዳርቻ ሴት ልጅ ካገር አትወጣም፤ አማች ነው የሚመጣው። ይመጣል፣ ይሠራል፣ ሚስቱን ቤት ውስጥ ያኖራል፣ ቤቱ የሴቶቹ ይሆናል። ሬክሰን የሰሜን ሰው ነው፣ የምዚምባ። እዚያ ደግሞ ወንዱ ከብት ነድቶ ሴቲቱን ከነጥላዋ ይወስዳል። ሊያገባት ሲመጣ አራት ላም በጭነት መኪና አምጥቶ ለአጎቷ ለቼ ምብዋና ሲያስረክብ፣ ሽማግሌው ግራ ገባው። ቢሆንም እንግዳ ያመጣው ስጦታ አይመለስምና ተቀበለ፤ ሁለቱን ሸጠ፣ ሁለቱን በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬክሰን መንደሩን የገዛ ይመስለዋል፤ መንደሩ ደግሞ ደግ አማች ያገኘ ይመስለዋል። ሁለቱም ወገን ሌላው ውለታውን እንደማይረሳ እርግጠኛ ሆኖ በሰላም ኖረ።

ሬክሰን ከአልጋው ወርዶ በጓሮ በኩል ብቅ አለ። ሸሚዝ ለብሷል፤ ከታች ገና ቁምጣ ነው።

«አሲ፣ ዓሣው ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው።»

«ከነራሱ ይቅረብ። ሚስተር ካፓላሙላ የዓሣ ራስ ይወዳሉ። ደሞ ንሲማ ብቻ እንዳይሆን፤ ሩዝም አድርጊ። የበቆሎ ገንፎ ብቻ ካቀረብን መንደርተኛ እንመስላለን።»

«ለምንድነው የሚመጡት?»

«ለምን ይመጣሉ! ሰው ሀይቅ ዳር ለምን ይመጣል? አየር ሊቀበሉ ነው።» የሸሚዙን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቆለፈና ፈታ። «እናትሽ ዛሬ ወዲህ ወዲያ ባይሉ ጥሩ ነው።»

እናቷ አቢቲ ጁማ ከማጀቱ ጥግ ጀርባዋን ሰጥታ ሩዝ ትለቅም ነበር፤ ሁሉንም ትሰማለች። አማትና አማች ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ሬክሰን ባለበት ቅዳሜና እሑድ አቢቲ ጁማ በፊት በር ገብታ አታውቅም። በሌላው ቀን ደግሞ ቁልፉ ብላንታየር ነው። ልጇ የሠራችው ሳሎን ውስጥ ምን እንዳለ የምታውቀው በማጀቱ መስኮት አጮልቃ ነው፤ ሶፋው ላይ ገና ከሱቅ ሲመጣ የነበረው ላስቲክ እንዳለ መሆኑንም በዚያው አይታለች። አሁን የሬክሰንን ቃል ሰምታ አንዲት ጠጠር ከሩዙ አነሳችና በጣም ሩቅ ወረወረቻት።

ሬክሰን ተመልሶ ገባ። መኝታ ቤቱን ለእንግዶቹ ሲያስተካክል ድምፁ ይሰማል፤ መሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ያስነጥሳል። ከዚያ ሰሌኑ ትዝ አለው። በዚህ ሙቀት የአልጋው ስፖንጅ እንደ ምጣድ ስለሚያቃጥል ሬክሰን የሚተኛው ሲሚንቶው ላይ፣ አማቱ በሠርጋቸው ቀን በሰጠችው የዘንባባ ሰሌን ላይ ነው። «ማዳም ካፓላሙላ ይሄን ብታይ ምን ትላለች!» ሲል ሰማችው ለራሱ። ጠቀለለው። ከጎኑ ግድግዳ ተደግፎ የነበረውን መጥረቢያም አነሳ፤ እሱም አጎቷ በሠርጉ ቀን የሰጠው ነው፤ አንድ እንጨት ፈልጦበት አያውቅም። ሁለቱን በአንድ ብብት፣ የልብስ ቦርሳውን በሌላ እጁ አንጠልጥሎ በፊት በር ወጣ፤ ማንጎው ሥር፣ መንገዱ አፍ ላይ፣ ደርድሮ አስቀመጣቸውና እጁን አራገፈ።

አሲያቱ በቤቱ ጥግ በኩል አየችው። በዚህ መንደር የአማች ሰሌንና መጥረቢያ ከቤት አይወጣም። አብረው ደጅ ላይ ከታዩ ትዳሩ ፈረሰ ማለት ነው፤ ሌላ ወረቀት የለውም። ሚስት ካወጣችው አባርራዋለች። ራሱ ካወጣው ሄዷል። በሁለቱም መንገድ መልሶ ማስገባት የምትችለው ሚስት ብቻ ናት፤ በገዛ እጇ፣ አጎቷ ፊት። ጥርስ ያላወጣ ልጅ ይህን ያውቃል። ሬክሰን አያውቅም፤ በአማችነት ዘመኑ ሁሉ አንድም ነገር ጠይቆ አያውቅምና። አራት ላም የከፈለ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? «ኧረ መልሰው» ብትለው ያልቅ ነበር። አፏን ከፈተች። ከዚያ «ባለቤቴማ ያልኳትን ትሰማለች» ያለው ትዝ አላት፤ ስለ ሰሌኑ ምንም አላላትምና፣ ሩዙን ልታጥብ ሄደች።

መጀመሪያ ያየችው ባልዲ ተሸክማ ወደ ውሃው የምትወርድ ጎረቤት ናት፤ አቢቲ ቻንዴ። ሰሌኑን አየች፣ መጥረቢያውን አየች፣ ቦርሳውን አየች። ባልዲውን ከራሷ አውርዳ እንደገና አየች። ከዚያ ውሃ ሳትቀዳ፣ ባዶውን ባልዲ እዚያው ጥላ፣ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች፤ አረማመዷ ግን እንደ አመጣጧ ዝግ ያለ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ሴቶች በየሽርጣቸው መምጣት ጀመሩ፤ ሦስት፣ አራት እየሆኑ። ከአጥሩ ማዶ ባለው ጥላ እግራቸውን ዘርግተው፣ አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። አንዷ ብቻ «ቤት ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ፤ ወይ አማች!» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሌላዋ ቀስ ብላ፣ «ቀለም ብቻ ነው የቀባው» አለች። አሲያቱ ከማጀቱ ሆና ይህን ሰማችና ቀና ብላ ተናጋሪዋን ፈለገቻት፤ አላገኘቻትም።

እንግዶቹ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ቤንዚን ሰልፍ ይዟቸው። ትልቅ ባለ ሁለት ጋቢና መኪና፣ ኋላው ላይ በረዶ ያለበት ሣጥን። ሚስተር ካፓላሙላ ሆዱን አስቀድሞ ወረደ። ማዳም ካፓላሙላ ነጭ ሱሪና ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች፤ የምትጠጣውን ውሃ ከብላንታየር ይዛ መጥታለች፤ የዓለም ሕዝብ ውሃ ሊያይ ወደሚመጣበት ሀይቅ።

«አዞ አለ?» አለች ገና አንድ እግሯ መኪናው ላይ እንዳለ።

«ኧረ የለም ማዳም፤ አዞዎቹ ወዲያ ማዶ ነው የሚኖሩት» አለ ሬክሰን፣ ጎረቤት እንደሚያስተዋውቅ ሰው።

ሚስተር ካፓላሙላ ግን ሴቶቹን አይቷል። «ሬክሰን፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለኔ ነው?»

ሬክሰንም ዞሮ አየ። ለምን እንደመጡ አያውቅም፤ ግን ለአለቃው አላውቅም ብሎ አያውቅም። «የኛ ሕዝብ እንግዳ ያከብራል ጌታዬ» አለ፤ «የኛ» የሚለው ላይ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ሚስተር ካፓላሙላ ኮቱን አስተካክሎ ወደ አጥሩ ቀረበና ንግግር አደረገ። ስለተደረገለት አቀባበል አመሰገነ፤ ከሬክሰን ጋር ለረጅም ጊዜ እንደሚተዋወቁ፣ ሬክሰን ታዛዥና ታማኝ ሰው እንደሆነ፣ ወደፊትም ከጎኑ እንደማይለይ ተናገረ። ሴቶቹ በአክብሮት አደመጡት። አንዲት አሮጊት በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ሲሰናበት እንዲህ የሚቆምለት ሰው ነበረው እንዴ? ደግ ነው፣ ብቻውን አይሄድም» አለች። ሚስተር ካፓላሙላ የተናገረችውን ባይሰማም ዕንባዋን አይቷል፤ ልቡ ተነካና ከረሜላ እንዲታደል አዘዘ።

ቼ ምብዋና በብስክሌት መጣ። ነጭ ጀለቢያ፣ የተጠለፈ ቆብ፣ የብስክሌቱ ወንበር ኋላ የታሰረ የፕላስቲክ ወንበር። ወንበሩን ፈትቶ ሰሌኑ ፊት አስቀመጠና ተቀመጠ፤ ሬክሰንን ሰላም ሳይል። ዓይኑን ወደ ሚስተር ካፓላሙላ አነሳ።

«ለዚህ ሰው የቆምክለት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሚስተር ካፓላሙላ። ስለ ቤቱ ውል የሚነጋገሩ መስሎታል፤ የተከበረ ሽማግሌ መምጣቱም ደስ ብሎታል።

«ከሩቅ ነው የመጣኸው። አክብረኸናል። ወገኖቹ ሰሜን ናቸው፤ ማን ይጠራቸዋል እያልኩ ስጨነቅ ነበር።» ቼ ምብዋና ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ በእሱ ላይ ቅሬታ የለንም። አልሰደበንም፣ አልመታም። ትንሽ ይኮራል፤ እሱም የአገሩ ልማድ ነው።»

«ልክ ነው፣ እኛም ቢሮ ውስጥ አይተነዋል።»

«ቤቱ ይቀራል።»

«እንዴታ! ቤቱማ ይቀራል፤ እኔስ የመጣሁት ለሱ አይደል?»

«እንዲህ ከሆነ ሰሌኑንና መጥረቢያውን ይዞ በሰላም ይሂድ።»

ሚስተር ካፓላሙላ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ «ማን ነው የሚሄደው?» አለ።

«አማቹ ነዋ።»

ሁሉም ወደ ሬክሰን ዞረ። ሬክሰን አንዱንም ሌላውንም አየ፤ ከዚያ ወደ ሰሌኑ አየ፤ ከዚያ የቢሮውን ሳቅ ሳቀ። «ኧረ አጎቴ! እኔ እኮ ነኝ ያወጣሁት! ለጽዳት ነው፣ እንግዳ ይመጣል ብዬ፤ በገዛ እጄ ነው ያወጣሁት!»

ከአጥሩ ማዶ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ላይ አፋቸውን ያዙ። «ራሱ!» አለች አቢቲ ቻንዴ። «ባፉ ተናገረ፣ ሰማችሁ!» ቼ ምብዋና ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ፤ እስካሁን ጥርጣሬ ነበረው፣ አሁን አለቀ። ለሚስተር ካፓላሙላ ጉዳዩን ከሥሩ አስረዳው። ሚስተር ካፓላሙላ እየሰማ ከፈገግታው ጥቂት ጥቂት ቀነሰ፤ በመጨረሻ ምንም አልቀረም።

«ስለዚህ መሬቱ የሬክሰን አይደለም?»

«የእህቴ ነው። ከሷ የልጇ። ከልጇ የልጇ ልጅ።»

«ሬክሰንስ ምንድነው?»

«እንግዳ ነው» አለ ቼ ምብዋና። «ጥሩ እንግዳ ነበር።»

«አራት ላም ሰጥቼ!» አለ ሬክሰን፤ ድምፁ ቀጠነ።

«አዎ፣ ሥጋቸው ጥሩ ነበር» አለ ቼ ምብዋና፤ እውነቱን ነው፣ ሊያስቀይመው አልፈለገም።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ባርኔጣውን አንስቶ ወደ መኪናው ይመለስ ነበር። ሚስተር ካፓላሙላ ግን ያን ሁሉ ፎቅ የወጣው በከንቱ አይደለም። ሀይቁን አየ፤ ውሃው ጠፍጣፋ፣ ሰማያዊ፣ ማንም ያልከፈለበት። ቤቱን አየ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ። «ታዲያ አባቴ፣ የምንነጋገረው ከማን ጋር ነው?» ቼ ምብዋና ጢሙን ዳሰሰ። ለእህቶቹ የሚናገር እሱ ነው፤ ይህንን አገር ያውቃል። «ከኔ ጋር» አለ።

አሲያቱ ምግቡን ስታቀርብ፣ ሳህኑን ስታነሳ፣ እጅ ስታስታጥብ ነገሩን በቁርጥራጭ ሰማችው። ማንም ድምፁን ዝቅ አላደረገባትም፤ ለወጥ ሳህን ማን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል? ሚስተር ካፓላሙላ ቤቱን ለአሥር ዓመት ይይዛል። ቼ ምብዋና የመንገድ ዳሩን ክፍል ለመረቡና ለደረቀ ዓሣው ይወስዳል፤ በየወሩ መጨረሻም ስኳርና ሳሙና ይላክለታል። ሬክሰን ፎቅ ይወጣል። «የኋላዋን ክፍል ደሞ ለኔ ልጅ ሲያገባ» አለ አጎቷ። «ይሁን፣ ይሁን» አለ ሬክሰን፤ ከሁሉም በላይ የሚቸኩለው እሱ ነበር፤ የሌላ ሰው ክፍል ሲያድል እጁ አይንቀጠቀጥም። ሳሎኑ ውስጥ ማዳም ካፓላሙላ መስኮቱን በስንዝሯ እየለካች ነበር። «ይሄን መጋረጃ ግን አወጣዋለሁ፤ የትምህርት ቤት ይመስላል» አለች። ልክ ናት፤ ከዩኒፎርም ቁራጭ የተሰፋ ነው። አሲያቱ ሰፍታው ነበር፤ ቀለሙን ከቀለሙ እያገጣጠመች፣ ስፌቱ እንዳይታይ።

ማጀት ስትመለስ እናቷ ጀርባዋን እንደሰጠች ነበር። አንድ ትልቅ ቻምቦ ከነራሱ በድስቱ ቀርቷል፤ አሲያቱ ነች ያስቀረችው፣ ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቀችም። በማጀቱ በር ፍየሎች እንዳይገቡ አቢቲ ጁማ አንድ ጣውላ አቁማበታለች፤ አሲያቱ ወደ ውጭ ስትወጣ ነው ያየችው፤ «የሉሃንጋ ዳርቻ — የግል ይዞታ»፣ ፊቱን ወደ ፍየሎቹ አድርጎ።

«አሲያቱ!» ሲል ጠራት አጎቷ። «ነይ፣ ነገሩ አልቋል። በሰላም አልቋል።»

መጣች። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ማንጎው ሥር ቆመች። ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ባልሽ ጥፋቱን አምኗል፤ አገር ባለማወቅ ነው። እኛም ይቅር ብለናል። ሰሌኑን አንሺና አስገቢ፣ ሰው ይይሽ።»

«ምን ላይ ተስማማችሁ አጎቴ?»

«ጥሩ ነገር ላይ። ጌታው ቤቱን ይይዙታል፣ ሬክሰን ይሾማል፣ እኔም መረቤ ከዝናብ ይድናል።»

«እኔስ?»

ቼ ምብዋና ተደናገረ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም። «አንቺማ ባልሽን አገኘሽ!» አለ።

ከሴቶቹ መሃል አንዷ ሳቀች፤ ወዲያው በሳል ሸፈነችው። አሲያቱ ሰሌኑን አየች። እናቷ የሸመነችው ነው፤ ጫፉ ላይ በቀይ የተነከረ ዘንባባ አለ፣ ወገቧን ያመማት በዚያ ወር ነበር። ቤቱን ሁሉ ቁርጥ ቁርጥ አድርገው ተከፋፍለውታል፤ ክፍሉን፣ መስኮቱን፣ መጋረጃውን ሳይቀር። የረሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ወንድ ይህን ሰሌን ማንሳት የሚችል የለም።

«እኔ አላወጣሁትም» አለች። «እኔም አላስገባውም።»

ሬክሰን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አሲ፣ ቀልዱ ይቅር። ጌታዬ እያዩ።»

«አልቀለድኩም። ከቸኮልክ አንተ አንሳው።»

ሬክሰን ጎንበስ አለ። ሴቶቹ «ኡ!» አሉ፤ ቼ ምብዋና ከወንበሩ ዘሎ ሰሌኑ ላይ እግሩን አሳረፈ። «አይቻልም! እሷ ናት የምታነሳው!»

«ታዲያ ይዘዟት!» ጮኸ ሬክሰን። «አጎቷ አይደሉ? ሕጉ የናንተ አይደለም?»

«የኛ ነው» አለ ቼ ምብዋና፤ ሕጉ የነሱ መሆኑ ያን ያህል ከፍቶት አያውቅም። ወደ አሲያቱ ዞረ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስሚ አንቺ ልጅ! ለእናትሽም ላንቺም የምናገር እኔ ነኝ!»

«ይናገሩ እንጂ አጎቴ፤ ማን ከለከለ? ማንሳቱ ግን የኔ ነው።»

አጎቷ ሴቶቹን አየ። ፊታቸው ላይ እርዳታ አልነበረም። ሁሉም ቤት ውስጥ ግድግዳ የተደገፈ ሰሌን አለ፤ ሁሉም አጎት አላቸው። ሽማግሌው እግሩን ከሰሌኑ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ፣ ተቀመጠ፣ ቆቡን አውልቆ እንደገና አደረገ።

ሚስተር ካፓላሙላ ሰዓቱን ተመለከተ። ቤንዚን ማደያዎቹ ሳይዘጉ መመለስ እንዳለበት አስታወሰ፤ ለሽማግሌው እጁን ሰጠ፣ ለአሲያቱ አልሰጠም። «ሬክሰን፣ ሰኞ ቢሮ እንነጋገራለን» አለ። እንዲህ የተባለ ሰው ሰኞ ዕለት ምን እንደሚባል ሬክሰን ያውቃል፤ ምድር ቤቱን ሁሉ የሞሉት ሰኞ የተነጋገሩ ሰዎች ናቸው። ማዳም ካፓላሙላ ግን ወደ መኪናው ስትሄድ ዘወር አለችና የአሲያቱን ክርን ያዘች። ባሏ ሞተር እስኪያስነሳ ጠበቀች። «ስሚኝ እህቴ» አለች በሹክሹክታ፣ «ይሄን ሰሌን የሚሸምነው ማነው? ታዞ ይሠራል?»

ሴቶቹ የተረፈውን ሩዝ በልተው፣ ከረሜላቸውን ሽርጣቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው በተራ በተራ ተነሱ። አቢቲ ቻንዴ ባልዲዋን አስታወሰች። ፀሐይ ወደ ውሃው ስታዘነብል ማንጎው ሥር የቀሩት ሁለቱ ባለቤቶች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ በላም፣ ሌላው በደም። ሬክሰን ሌላ መቀመጫ ስላልነበረው ሰሌኑን ሳያነሳ እዚያው ዘርግቶ ተቀመጠበት፤ ከነቢሮ ሱሪው፤ ቁልፎቹ ከጎኑ አሸዋው ላይ ተዘረገፉ። ቼ ምብዋና ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ሚስቶቹ ሰምተዋል፤ ስለዚህ አሸዋው ላይ የገበጣ ጉድጓድ ቆፈረ። ብዙ ሳይቆይ ሬክሰን ማታለል ጀመረ፤ ሽማግሌውም ማታለሉን አይቶ በተራው ያታልላል። በየመሃሉ አንዱ «ነገ ሲበርድላት» ይላል፤ ሌላው «አዎ፣ ነገ» ይላል። አሲያቱ ነገ ምን እንደምታደርግ አልወሰነችም። ሰኞ ሊምቤ ሱቋን መክፈት አለባት፤ ያን ታውቃለች። ሰሌኑ ሊገባም ይችላል፤ ከገባ ግን ምን ምን ይዞ እንደሚገባ የምትናገረው እሷ ናት።

ማጀት ሄዳ እናቷን በእጇ ያዘቻት። «ነይ» አለቻት።

«ወዴት?»

«ቤት። አማች የለም።»

አቢቲ ጁማ በፊት በር ገባች። ደፉ ላይ ቆመች፣ እግሯን አራገፈች፣ እንደገና አራገፈች። አሲያቱ በሩን ዘጋች፤ ቁልፉ ውጭ አሸዋ ላይ ነው፣ መቀርቀሪያው ግን ከውስጥ ነበር፤ ገፋችው፤ ዘይት ጠጥቶ እንደማያውቅ ብረት ጮኸና ገባ። ያን ሰዓት ከሀይቁ ላይ የትንኝ ደመናው ተነሳ፤ በዚህ ወቅት አንዳንድ ማታ እንደሚነሳው፣ ከውሃው መሃል እንደ ጭስ ቆሞ ቀስ እያለ ወደ ዳር የሚመጣው። አይነክስም፤ ግን አፍ ውስጥ ይገባል፣ ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ የገበጣ ጉድጓድ ይሞላል። አሲያቱ መስኮቶቹን ዘጋች፣ የዩኒፎርም መጋረጃዋን ሳበች። ድስቱን አመጣችና ትልቁን ቻምቦ ከነራሱ ለእናቷ ሳህን ላይ አወጣች።

በሩ ተንኳኳ። «አሲ!» አለ ሬክሰን፤ ምራቁን ተፋ። «አሲ፣ ትንኝ ነው! አጎትሽም እዚህ ናቸው!» ከኋላው ሽማግሌው ሲያስል ይሰማል።

አቢቲ ጁማ በሶፋው ጫፍ ተቀምጣለች። ላስቲኩን በጣቷ ነካ አደረገች፤ ተንኮሻኮሸ። «ይሄን ለምን አላነሳችሁትም?» አለች።

«እንግዳ እስኪመጣ ብሎ ነው» አለች አሲያቱ።

እናቷ ዓሣውን ሳትነካ፣ ላስቲኩን ከጥጉ ያዘችና መቅደድ ጀመረች፤ ከአንዱ ክንድ እስከ ሌላው፣ ሳትቸኩል፤ ከድምፁም የተነሳ የበሩ መንኳኳት ለጊዜው አልተሰማም።